ዴዚዬን ማን ቆረጠው?

ሰኔ 4
ከምሠራበት ክሊኒክ ስመለስ ከችግኝ ሻጩ ሦስት ሥር ዴዚ ገዛሁ። ነጭ አበባ፣ መሃሉ ቢጫ። «አንዴ ከያዘልሽ በየዓመቱ ራሱ ይመጣል፤ ቢቆርጡትም ያቆጠቁጣል» አለኝ። ከመኝታ ቤታችን መስኮት ሥር ተከልኩት። የባሌ ታላቅ እህት በረንዳው ላይ ቆማ ታየኛለች። ለሁለት ሳምንት ብላ መጥታ ይኸው ዓመቷ... ስታዝዝ ስለምትውል በልቤ «ሻለቃ» ነው የምላት።
«ጎመን ብትተክዪ ይበላ ነበር» አለች።
ጭቃዬን አራግፌ ገባሁ።

ሐምሌ 11
ይዟል! ሦስቱም አዲስ ቅጠል አወጡ። ሻለቃ ደግሞ የልብስ እጣቢዋን አምጥታ አጠገቡ ደፋች። ሆን ብላ ነው? ታዲያ ሌላ መድፊያ ጠፍቶ ነው?

ነሐሴ 2
እንቡጡ ሊፈነዳ አንድ ሐሙስ ሲቀረው... ተቆረጠ። ከሥሩ፣ በማጭድ፣ አንድም ሳይተርፍ። በቀጥታ ሻለቃ ጋ ገባሁ።
«ምን አደረገሽ?» አልኳት።
«ማን?»
«አበባው!»
«አበባሽን አላየሁም። እኔ እንዳንቺ ሥራ አልፈታሁም።»
እሷ! ከቴሌቪዥኑ ፊት የማትነሳው! ያልወጣኝ ስድብ የለም። ባሌ መሃል ገባ። «ኧረ በናታችሁ... ለአበባ ብላችሁ ጎረቤት ታስቁብኛላችሁ?» በኋላ ለብቻችን ስንሆን «እመክራታለሁ» አለኝ። እሱስ ምን ያድርግ፣ ወዲያ እህት፣ ወዲህ ሚስት።

ነሐሴ 3
ሳህኗን አላጠብኩላትም።

መስከረም 20
ሻጩ አልዋሸም። ከጉቶው ሥር አቆጥቁጧል። ሻለቃ ስታልፍ አየችውና «የማይሞት ነገር» አለች። አበባውን ይሁን እኔን እንጃ።
«አዎ፣ ሰው ሲናደድበት ነው የሚያምርበት» አልኳት።
ምሳ ለየብቻ በላን።

ጥቅምት 8
ራሴን አሞኝ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁ። የግቢውን በር ስከፍት ከመስኮቱ ሥር ሰው አጎንብሷል። ማጭድ ይዟል።
ባሌ።
ማጭዱን ወደ ኋላው ደበቀ፣ እንደ ሕፃን ልጅ።
«ግንበኛው ነገ ሊለካ ይመጣል... እዚህ ጋ አንድ ክፍል ሠርተን እናከራያለን ብዬ ነው። ብነግርሽ እምቢ ትያለሽ።»
«ነሐሴ ላይስ?»
ዝም።
«እህትህን ስሰድባት ቆመህ ሰማህ እኮ!»
ሻለቃ በረንዳው ላይ ነበረች።
«አንቺስ ታውቂ ነበር?» አልኳት።
«አውቃለሁ። ወንድሜ ነው፣ ምን ልበል? አንቺስ መቼ ጠየቅሽኝ? ፈርደሽ ነው የመጣሽው።»
እውነቷን ነው። እውነቷን ስለሆነም ይበልጥ ጠላኋት።

ጥቅምት 9
ግንበኛው ሜትሩን ይዞ መጣ። ከበር መለስኩት። «አታዋርጂኝ» ይላል ባሌ። ማን ነው ያዋረደው? «እህቴ ናት» ብሎ እንኳን አልዋሸም፤ ዝም ብሎ እንዳምን ተወኝ። ከውሸቱ የባሰው ይሄ ነው...

ጥር 15
ሻለቃ ክፍል ተከራይታ ወጣች። «ሁለታችሁም ሰልችታችሁኛል» ብላ። ሻንጣዋን እስከ ታክሲው ያዝኩላት። አልተሳሳምንም። «ወንድሜን አደራ» ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣
«ዝም ሲል ነው የሚፈራው። ተጠንቀቂው» አለችኝና በሩን ዘጋች።
አሁንም አልወዳትም። ግን ታክሲው እስኪታጠፍ ቆሜ አየሁ።

ጥር 16
ልብሴን ሻለቃ ወደለቀቀችው ክፍል አዛወርኩ። ባሌ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አየኝ። ያው፣ ምንም አላለም።

ሰኔ 17
ዴዚው እንደ ጉድ ፈነዳ። ከመስኮቱ አፍ ደርሷል። ዝናቡ ስለዘገየ ዛሬ ባሌ ባልዲ ሙሉ ውሃ ይዞ መጣ።
«ተወው» አልኩት።
«ልርዳሽ ብዬ እኮ ነው።»
«አስቀምጠውና ሂድ።»
አስቀምጦ ሄደ። ራሴ አጠጣሁት።
እኔ ካለሁበት ክፍል አበባው አይታይም፤ ግድግዳ ነው የሚታየኝ። እሱ ግን በየጠዋቱ መጋረጃውን ሲገልጥ ፊት ለፊቱ ነው።
ይየው።