ሦስት ጊዜ ስለተማርነው ልብ እና ስላልተማርነው ኩላሊት

ለተከበሩ የሕክምና ትምህርት ቤታችን ዲን፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ ለመላ አካልዎ ጤንነትን እመኛለሁ፤ በተለይ ለልብዎ፣ ምክንያቱም ቢታመሙ እኛ ተማሪዎችዎ ልንደርስልዎ የምንችለው በእሱ በኩል ብቻ ነው።

የመምህራንን የማስተማር ዘዴ ለማሻሻል ሲሉ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የሚከታተልና አስተያየት የሚጽፍ ታዛቢ ስለሚልኩልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ይሁን እንጂ በታላቅ ትሕትና ጥቂት ነገር ላመልክት።

፩. ታዛቢ የሚመጣበት ቀን ከሳምንት በፊት በሰሌዳ ስለሚለጠፍ፣ መምህራችን ለእንግዳ ብቻ እንደሚወጣ ሰሃን ያስቀመጡትን የልብ ትምህርት ያወጡልናል። ዘንድሮ ሦስት የተለያዩ ታዛቢዎች መጥተዋልና ልብን ሦስት ጊዜ ተማርን። አንዱ የጻፈውን ሌላው ስለማያነብ ሦስቱም እጅግ በጣም ጥሩ ብለው ፈርመው ሄዱ። እውነትም ያን ቀን ድንቅ መምህር ናቸው።

፪. በሌላው ቀን ጀርባቸውን ሰጥተውን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ የበራውን ጽሑፍ ያነባሉ። ኩላሊት ላይ ስንደርስ ጊዜ ስላለቀ ቤታችን እንድናነበው ታዘን አለፍነው።

፫. እኛም ንጹሕ አይደለንም። የክፍል አለቃችን በታዛቢው ፊት የምንጠይቃቸውን ጥያቄዎች ቀድሞ ያከፋፍለን ስለነበር አንዱን ጥያቄ ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ ጠይቄ በታዛቢዎቹ ቅጽ ላይ ንቁ ተማሪ ተብዬ ተመዝግቤያለሁ። ውጤቴ በመምህሩ እጅ ነውና ሌላ ምን ላደርግ እችል ነበር?

፬. የአስተያየት ሳጥኑ ቁልፍ ጠፍቷል።

ይህን ሁሉ ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው ነበር። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት እናቴ ፊቷና እግሯ አብጦ ሆስፒታላችን ገባች፤ ኩላሊቷ ነው። ለጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ልጅ አለኝ እያለች የኖረች ሴት ናትና፣ ሐኪሞቹ የምርመራ ወረቀቷን አስቀምጠው ሲወጡ ምን እንደሚል ጠየቀችኝ። ቁጥሮቹን አየኋቸው፤ ምንም አልነገሩኝም። ፈራሁ፤ አፈርኩም። የምሆነው ቢጠፋኝ የልብ ማዳመጫዬን አውጥቼ ደረቷ ላይ አደረግሁና ልቧ ደህና መሆኑን ነገርኳት። ደስ ብሏት ተኛች።

ከእርስዎ ምን እንደምለምን ራሴም ስላላወቅሁ፣ ስለ ክትትልዎ ብቻ ደጋግሜ እያመሰገንኩ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

በሦስት ቅጾች ላይ ንቁ የተባለው ተማሪዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ለልምምድ የተመደብነው በኩላሊት ሕሙማን ክፍል ነው። የታዛቢውን መምጣት ለመምህራችን ከሳምንት በፊት እንደሚያሳውቋቸው ሁሉ፣ የእኛንም መምጣት ለበሽተኞቹ ቀደም ብለው ቢያሳውቁልን መልካም ነው። እዚያው ሰባተኛው አልጋ ላይ ላለችው ለእናቴ ግን፣ አደራዎን፣ አይንገሩብኝ።