የሸማ ተራው ይመር

መርካቶ፣ ጥር 1958 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ አስናቀው፣

ነጋዴዎች ሰሌዳውን አይተው ለእትዬ ሠርኬ ያወሩላቸውን፣ እሳቸውም «ልጄ በስሙ ሱቅ ከፈተ» እያሉ የሚኮሩበትን ሱቅ ሸማ ተራ አገኘሁት። እውነትም «ይመር የሸማ መደብር» ይላል። ባለቤቱ ግን የእሳቸው ይመር አይደለም፤ ይመር ሐምዱ የሚባል የቃሉ አውራጃ ሙስሊም ነው።

ከሐይቅ፣ ከእትዬ ሠርኬ ተልኬ እንደመጣሁ ስነግረው ሜትሩን አስቀመጠና አንገቱን ደፋ። «ሞክሼዬ እናቱን ሳያነሳ አይውልም ነበር» አለኝ።

የእኛ ይመር እዚያው ሱቅ ደጃፍ በኩሊነት ይሠራ ነበር። አምና ታሞ ሲሞት ዘመድ አልተገኘም። ባለሱቁ መደብሩን ዘግቶ ራጉኤል አስቀበረው። «ለመቃብሩ መስቀል የአባቱን ስም ጠየቁኝ፤ አላውቀውም። ባዶ ከሚሆን ብዬ የራሴን አባት ስም ሰጠሁት» አለኝ።

ሄጄ አየሁት። መስቀሉ ላይ «ይመር ሐምዱ» ተጽፏል። እኛ አገር ሁለት ይመሮች ቢኖሩ በአባታቸው እንለያቸዋለን፤ እነዚህን ግን ስማቸው ብቻውን አዛመዳቸው።

አደራህን፣ ይህን ፖስት ካርድ ለእትዬ ሠርኬ እንዳታነብላቸው። መርዶ በፖስታ አይነገርም፤ ስመለስ ከንስሐ አባታቸው ጋር ማለዳ እንሄዳለን።

ቦታው አለቀብኝ። ጽጌሬዳንና ልጆቹን ሳምልኝ። እንዴት ብዬ እንደማደርሰው የማላውቀው ሰላምታ ይዣለሁ፤ ባለሱቁ ሲሸኘኝ «እናታችንን ሰላም በልልኝ» ብሎኛል።

ወንድምህ ደመቀ