ሁለት ታንኳ በፋሲል ውሃ ላይ

ሰኞ፣ ጥር ፰ ቀን

አይቆምም አለኝ! ታናሽ ወንድሜ ደሴ፣ ቀዘፋ ያስተማርኩት እኔ፣ ዛሬ ለጥምቀት ከጎርጎራ መጣና የመንገዱን አቧራ እንኳ ሳያራግፍ የሠራሁትን አገላብጦ አየው። «አያ ይርጋ፣ ይኸማ ባሕር ሳይገባ እዚሁ መደብ ላይ ይገለበጣል» አለ።

እኔ እናገራለሁ፣ ጎረቤቴ መሪጌታ ሐዲስ ይጽፋሉ። መጀመሪያ ግማሽ ገጽ ግእዝ ሞሉብኝ። ይሰረዝ አልኩ። «ምነው፣ ጸሎት ይሰረዛል?» አሉ። እንግዲያው ጸሎቱ ይኑር፤ ከዚህ ወዲያ ግን የእኔን ብቻ።

የሠራሁት ይኸ ነው። ክንድ ክንድ የሚያህሉ ሁለት የደንገል ታንኳዎች፣ ጎን ለጎን፣ በመካከላቸው ክፍተት ያለ። ሁለት የቀርከሃ አግዳሚ አያይዟቸዋል። በፊተኛው አግዳሚ ላይ ምሰሶ፣ በምሰሶው ላይ ሸራ። ሸራውን የአዲስ ዓለም ሰፈሩ ልብስ ሰፊ ነው የሰፋልኝ፤ ከታች ሰፊ፣ ከላይ ሹል። የላይኛው ነፋስ ጉልበተኛ ነው፣ ብዙ ጨርቅ ካገኘ ይጥላል። አንድ ታንኳ ብቻውን ሸራ ቢያቆሙበት ይንከባለላል፣ ሆዱ ክብ ነዋ። ሁለት ሲሆኑ አንዱ ሲያዘነብል ሌላው ይይዘዋል። ይኸን ጣሊያን አላስተማረኝም። ራሴ ነኝ ያሰብኩት። ጣሊያን ትቷት የሄደው የሞተር ጀልባ እየጨሰች ስትቀድመኝ ስንት ዘመን ጀርባዋን አየሁ። በሸራ ልቀድማት ነው የምፈልግ።

ልጄ ጥሩወርቅ ባለፈው ክረምት ከታንኳ ወድቄ ጉልበቴ ሲያብጥ ጊዜ ጎንደር አመጣችኝ። የሚያስጠጋኝ ሰው ከሌለ ወደ ጎርጎራ አትለቀኝም። ያለው ደሴ ብቻ ነው። ደሴም ፈረደ፦ «ነገ ፋሲል ውሃ ላይ ይሞከር። ከቆመ ትልቁን እንሠራለን፣ ደንገሉን እኔ አጭዳለሁ፣ ከቤቴ ትቀመጣለህ። ከተገለበጠ ግን ባሕር የምትል ቃል ካፍህ እንዳትወጣ።»

እሺ አልኩ። ጥሩወርቅ እንዲገለበጥ እየጸለየች መሆኗን ግን አውቃለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር ፱ ቀን

ውርደት!

የፋሲልን መጠመቂያ ሰሞኑን ከቀሃ ወንዝ እየሞሉት ነበር። ጠባቂው «ታቦት በሚያድርበት ውሃ መጫወቻ አይገባም» ብሎ ከደጅ አቆመን። መሪጌታ ናቸው ያስገቡን። «አንተ፣ ሳይባረክ የወንዝ ውሃ ነው። ትናንት ላም ስትጠጣው አልነበር?» አሉት።

አስቀመጥኩት። ሸጋ ሆኖ ተንሳፈፈ። ሁለቱም እኩል።

ከዚያ ወዲያ ምንም። ነፋስ የለም! ዙሪያው ግንብ፣ ግንቡ ላይ ትልልቅ ዛፍ። ዕድሜ ልኬን ባሕር ላይ ነፋስ ሳልጠራው ነው የሚመጣ፤ የታጠረ ውሃ ነፋስ እንደማይገባው አንድ ቀን አስቤው አላውቅም። ሸራው እንደ እርጥብ ነጠላ ተንጠለጠለ። ደሴ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አያ ይርጋ፣ መቆሙንስ ቆሟል!» ጠባቂውም ሳቀ።

ተናደድኩና በዱላዬ ገፋሁት። አብዝቼ ገፋሁት። እየተንሳፈፈ ሄዶ መካከል ካለው ሕንፃ ቅስት ሥር ገባና ቀረ። ጠባቂው ማንም ገብቶ አያወጣም አለ።

ረቡዕ፣ ጥር ፲ ቀን

ከተራ ነው። መሪጌታ ከታቦቱ ጋር ሊወርዱ ነው፣ ቶሎ ቶሎ እናገራለሁ።

ፈርቻለሁ። ካህናቱ ከታቦቱ ማደሪያ ሥር የእኔን ሸራ ቢያዩ ምን ይሉኛል?

ጎንደር ሸጋ አገር ነው፣ አላማም። ግን ውሃው ሁሉ በእንስራ ነው። ጧት ስነሳ እግሬ እርጥብ አሸዋ ይፈልጋል። የደንገል ሽታ ናፈቀኝ፣ ታጭዶ ፀሐይ ላይ የዋለ ደንገል። ጥሩወርቅ «ተኝተህ ጣትህ ገመድ ያስራል፣ አባየ» ትለኛለች። ይሰር። እሱ እንኳ ይሥራ።

ዓርብ፣ ጥር ፲፪ ቀን

ትናንት መሪጌታ ማሕሌት ላይ ነበሩ። ዛሬ ድምፃቸው ተዘግቷል፤ እጃቸው ግን ደህና ነው።

ትናንት ውሃው እንደተባረከ ጎረምሳው ከግንቡም ከዛፉም ይወረወር ጀመር። ውሃው ፈላ። ማዕበሉ ግንቡን እየመታ ይመለሳል። ይኸን የመሰለ ባሕር ላይ ያየሁት ወጀብ ሲነሳ ብቻ ነው። በዚህ መካከል የእኔው ከቅስቱ ሥር ብቅ አለ! ምሰሶው ተሰብሮ ሸራው ይጎተታል። አንደኛው ታንኳ ውሃ ውጦት ጠፋ። ሌላው ያዘው። ወጣ። ደግሞ ጠፋ፣ ደግሞ ወጣ።

«ያዘው! ያዘው!» ብዬ ጮህኩ። አጠገቤ የቆመች ሴት «እሰይ፣ ሰይጣኑ ሽማግሌውን ሊለቀው ነው» ብላ እልል አለች። ጠበል ትረጨኝ ጀመር።

ደሴ ጋቢውን ጥሎ ዘሎ ገባ። ይዞት ሲወጣ ጥርሱ ይንገጫገጫል። «ለበረከት ነው የገባሁ፣ ላንተ ታንኳ መስሎሃል?» አለ። ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ ከብዷል። ደሴ ጣቱን በሁለቱ መካከል አስገብቶ «ክፍተቱ ነው። ማዕበሉ በመሐል አለፈ» አለ።

ዛሬ ጧት ጥሩወርቅ ተከራከረች። «ምሰሶው ተሰብሯል፣ ሸራው አልቆመም!»

«ሸራውን ጎርጎራ ነፋስ ላይ እንሞክረዋለን» አላት ደሴ። «ደንገሉን አጭጄ አስጥቼ ሰው እልክለታለሁ፣ ይመጣል። ግን አያ ይርጋ፣ ከዳር ተቀምጠህ ታዛለህ እንጂ አትሳፈርም።»

እሺ አልኩ።

ደሴ ሄደ። ጥሩወርቅ ሸራውን አጥባ ደጅ አስጥታዋለች፤ ነፋስ ሲያገኘው ሆዱ ይነፋል። ቆማ ስታየው ቆየችና «አባየ፣ ከዳር ነው አይደል?» አለችኝ።

«ከዳር ነው» አልኳት።

መሪጌታ መጻፉን ትተው ያዩኛል። ይጻፉ እንጂ መሪጌታ! ከዳር ነው።