የዐረፋ ዶሮ

ሚያዝያ 12፣ ሰኞ

መብራት የለም። ሸዋ ሮቢት ላይ በሚያዝያ መብራት ሲጠፋ ልብስ ሰፊ ምን ይሠራል? ይቀመጣል፣ ያልበዋል፣ ሰው ያማል። እኔና አብራኝ የምትሰፋው ትዕግሥት ሦስቱንም በደንብ ሠራን።

ለሰርግ የታዘዘው ቀሚስ ግማሹ ተሰፍቶ ማሽኑ ላይ ቀርቷል። ያዘዘችው ሴትዮ መጥታ፣ "አንቺ ሒክማ፣ ከተፈታሽ ወዲህ የሰው ሰርግ አያስቸኩልሽም" አለችኝ። ድሮ ቢሆን ከመጋረጃው ጀርባ ገብቼ አለቅስ ነበር። ዛሬ ሳቅኩ። ከልቤ ነው የሳቅኩት። ትዕግሥት ቀና ብላ አየችኝ። "አየሽ?" አለች። አየሁ።

መጋቢት መጨረሻ ላይ ነው። እዚሁ ሱቅ ውስጥ፣ በሩን ዘግተን፣ እሷ ስትጸልይልኝ ቆየችና እኔም ኢየሱስ ጌታዬ ነህ አልኩ። ምን ሆነ? ሰማይ አልተከፈተም። ብቻ "ልጅ አልወለደችም" ተብዬ ከባሌ ቤት ከወጣሁ ጀምሮ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ተነሣ። ተወድጃለሁ። ይኼው ነው። ስጽፈው እንኳ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ።

ገጠር፣ ቀወት ያሉት አባና እማ ግን አያውቁም...

ሚያዝያ 18፣ እሑድ

ጸሎት ቤት ስለ መመስከር ተሰበከ። ያገኘሽውን ደብቀሽ ትቀመጫለሽ ወይ? ተቃጠልኩ። ከሰዓት ለወንድሜ ለሱፍዋን ደወልኩና ጀመርኩ። ስለ ኃጢአት፣ ስለ ዘላለም ሕይወት፣ ሰባኪው ያለውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

"ጨረስሽ?"

"ጨረስኩ።"

"አንቺ ነሽ ወይስ ሬዲዮ ነው?"

ተናድጄ ዘጋሁበት። መልሶ ደወለ። "የሰማሁትን ሰማሁ። ግን ለአባ ሳትነግሪ ለአገሩ እንዳትነግሪ" አለኝ። እውነቱን ነው። ግን እንዴት ብዬ? አባ ዓርብ ዓርብ ለጁምዓ ከተማ ሲመጡ ሱቄ ሳይገቡ አይሄዱም። ውኃ ይጠጣሉ፣ ስፌቴን ገልብጠው ያያሉ፣ ትዕግሥትን "መቼ ነው የምታገቢው?" እያሉ ያበሽቋታል። እሱ ቢቀርብኝስ... አልጽፈውም።

ሚያዝያ 24፣ ቅዳሜ

ቤት ሄድኩ። እማ ከእርሻ የመጣ ሽንኩርት ቅጠሉን እየቆረጠች ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ አብሬ እየቆረጥኩ ነገርኳት። ሁለታችንም ስናለቅስ ሽንኩርቱ በጀን። ያየን ሰው ምንም አይጠረጥርም።

"ማን አስገደደሽ?"

"ማንም።"

"ብር ሰጥተውሽ ነው?"

"እማ!"

"ሰው ሲል ሰምቼ ነዋ። ታዲያ ምን ጎደለሽ?"

የሚወደኝ ያለ አይመስለኝም ነበር ልላት ነበር። እሷ ፊት እንዴት ይባላል? እንዲህ እየወደደችኝ? መቁረጤን ቀጠልኩ። እሷም የያዘችውን ቆርጣ ስትጨርስ፣ "የአባትሽን እርድስ? ትበያለሽ ወይስ ትተሻል?" አለችኝ።

ወላሂ አላሰብኩበትም! (ይኸው፣ "ወላሂ"ው አልለቀቀኝም።) ካመንኩ ወዲህ ሽሮና ምስር ነው የከረምኩት። እዚህ አገር እስላምና ክርስቲያን አብሮ ያርሳል፣ አብሮ ይቀብራል፣ ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን ቢላውም ድስቱም ለየብቻ ነው። እኔ አሁን የትኛው ድስት ነኝ?

"አላውቅም" አልኳት።

"አላውቅም" ለእማ አልበላም ማለት ነው። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። "ለአባትሽ እኔ እነግራቸዋለሁ። አንቺ አፍሽን እንዳትከፍቺ" አለች።

ሚያዝያ 25፣ እሑድ

ጋሼ ተመስገንን ጠየቅኋቸው። የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ናቸው፤ መነጽራቸውን ሳያወልቁ መልስ አይሰጡም። አወለቁ።

"ልጄ፣ ሥጋ በልቶ የዳነም የጠፋም የለም። ብትበዪ አልከለክልሽም። ግን የሚከፋቸው ወንድሞች ይኖራሉ።"

"አባቴን ቢከፋቸውስ ጋሼ?"

መነጽሩን መልሰው አደረጉት። "እሱን ከጌታ ጋር ተነጋገሪ" አሉኝ።

ተነጋገርን። እበላለሁ። አለቀ። በእጃቸው እያጎረሱ ያሳደጉኝን አባቴን እጃቸውን ገፍቼ፣ ስለ ፍቅር ለማን ልመሰክር ነው?

ሚያዝያ 30፣ ዓርብ

አልመጡም።

ግንቦት 7፣ ዓርብ

ዛሬም አልገቡም። ግን አየኋቸው። ከመስጊድ ወጥተው በማዶ በኩል ቀስ እያሉ አለፉ። እጄን አነሣሁ። ያዩኝ ይመስለኛል። ትዕግሥት ውኃ ቀድታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ብርጭቆውን ይዛ ስትመለስ እሷም አሳዘነችኝ።

ጌታ ሆይ፣ አንተን ሳገኝ አባቴን ላጣ ነው? እንዲህ ነበር እንዴ ነገሩ? ተቆጥቼ ነው የጸለይኩት። ቁጣው ወጣልኝ። ናፍቆቱ ግን እንዳለ ነው።

ግንቦት 14፣ ዓርብ

አልመጡም። እማ ግን ደወለች።

"ረቡዕ ዐረፋ ነው። ትመጫለሽ።"

"አባ ምን አሉ?"

"ምንም አላሉም።"

"ታዲያ እንዴት ልምጣ?"

"እግር የለሽም?" ብላ ዘጋችው።

ግንቦት 19፣ ረቡዕ

እንዴት ብዬ ልጻፈው?

ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። አባ በር ላይ ነበሩ። ጉልበታቸውን ሳምኩ፣ "ዒድ ሙባረክ አባ" አልኩ። "ግቢ" አሉኝ። ሌላ ምንም የለም።

ትሪው ቀረበ። አባ ያረዱት በግ፣ ሁላችንም እንደ ድሮው የምንከበው። ልቀመጥ ስል አባ በእጃቸው ወደ ጥግ አመለከቱኝ። "አንቺ እዚያ።" ጥግ ላይ ትንሽ ሰሐን ተከድና ለብቻዋ ተቀምጣለች።

ለብቻዬ! በአባቴ ቤት! ደሜ ፈላ። ሻርፔን አንሥቼ፣ "እንዲህ ልታደርጉኝ ከሆነ ለምን ጠራችሁኝ?" አልኩ። ሱፍዋን አቀረቀረ። አባ ግራ ገብቷቸው እማን ያያሉ።

"መጀመሪያ ክፈቺው አንቺ ግልፍተኛ!" አለች እማ።

ከፈትኩት። ዶሮ ወጥ።

"ሚኪያስ ነው ያረደልሽ" አሉ አባ፣ መሬት መሬት እያዩ። ጋሼ ሚኪያስ ክርስቲያኑ ጎረቤታችን ናቸው። "ሶላት ሳልሄድ ወሰድኩለት። በእናንተ ደንብ ነው የታረደችው። ወጡም እነሱ ቤት ነው የተሠራው፣ የእኛ ድስት አልነካውም። ልጄ በዐረፋ ቀን ሥጋ ሳትቀምስ ልትውል ነው?"

አባቴ! በዐረፋ ማለዳ፣ የዒድ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ዶሮ በብብታቸው ይዘው የክርስቲያን በር ሲያንኳኩ! ወደ ሶላት የሚወጣው ሰው ሁሉ እያያቸው! ለጠየቃቸው ምን ብለው መለሱለት ይሆን? አሁንም እያለቀስኩ ነው የምጽፈው።

ሄጄ ትሪው አጠገብ ተቀመጥኩ። ከበጉ ጠቅልዬ ጎረስኩ። አባ እጄን ቀብ አደረጉኝ።

"ተይ! ሃይማኖትሽ አይከለክልሽም?"

"አይከለክለኝም አባ። ጠይቄያለሁ።"

እኔን አዩ፣ ሰሐኗን አዩ። "ታዲያ ያቺን የመሰለች እንቁላል ጣይ ለምን አሳረድኳት?"

እማ ሳቋን መያዝ አቃታት። ሱፍዋን የጎረሰው ትን አለው። እኔ የሳቄ ብዛት ዓይኔ እንባ አቀረረ። በመጨረሻ አባም ሳቁ። ሁለቱንም በላሁ፣ እስኪያመኝ።

ከሰዓት ማንጎው ጥላ ሥር ብቻችንን ተቀመጥን። "ዒሳን፣ እናንተ ኢየሱስ የምትሉትን፣ እኛም እናከብራለን፣ ዐለይሂ ሰላም" አሉ። "አንቺ ምን አዲስ ነገር አገኘሽ? እስኪ ንገሪኝ።"

የሰባኪው ቃል ሁሉ ጠፋኝ። ጠፍቶም ይቅር።

"አባ፣ ማጀቴ ከተማ ሄደው ከባሌ ቤት ያወጡኝ ቀን ትዝ ይልዎታል? ጥፋቱ የማን ነው አላሉም። ምን አደረግሽ አላሉኝም። ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ 'ልጄ ናት' ብለው እጄን ይዘው ወጡ። ኢየሱስም እንደዚያ ነው የመጣልኝ። ስለ እኔ ሞቷል፣ ተነሥቷል ብዬ አምኛለሁ። እርስዎ ይኼን እንደማይቀበሉት አውቃለሁ። ግን ስለጠየቁኝ መደበቅ አልቻልኩም።"

ቀና ብለው ማንጎውን አዩ። ፈራሁ።

"እሱ ላይ አንስማማም" አሉ።

"አውቃለሁ አባ።"

"ግን ከማጀቴ ካመጣሁሽ ወዲህ እንደ ዛሬ ስትስቂ ሰምቼሽ አላውቅም።" ከዚያ ማንጎ መርጠው ቆርጠው ሰጡኝ።

ግንቦት 21፣ ዓርብ

አባ መጡ! ውኃቸውን ጠጡ። የማሽኑ ላይ ቀሚስ ገልብጠው አዩና ጠማማ ነው አሉ። (ጠማማ ነበር።) ትዕግሥትን "ጸሎት ቤታችሁ ወንድ የለም እንዴ?" ብለው አበሸቋት። እሷም ከደስታዋ ብዛት ሁለተኛ ብርጭቆ ውኃ ቀዳችላቸው።

ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆም አሉ።

"ስትጸልዪ እኔን ታነሺኛለሽ?"

"በየቀኑ አባ።"

"ምን ብለሽ?"

"አባቴን አብዱረዛቅን ጠብቅልኝ፣ ራስህን ግለጥላቸው እላለሁ።"

አሰብ አደረጉ። ይቆጡ ይሆን?

"አብዱረዛቅ እዚህ አገር ብዙ ነው" አሉኝ። "አብዱረዛቅ ይማም ብለሽ ጥሪ፣ እንዳይምታታ።"