የተዘጋው ፋይሏ ነው ወይስ ደም ሥሯ?

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የምስል ምርመራ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? ጤና እንዲበዛልዎት፣ በተለይም የአንገትዎ ደም ሥሮች ወለል ብለው እንዲኖሩ ከልብ እመኛለሁ፤ ቢጠቡ የሚታዩት እናንተው ዘንድ ነውና።

እኔ በግራ አንገቷ ደም ሥር ውስጥ ስቴንት፣ ማለትም ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ የሽቦ ወንፊት የገባላት የልብስ ሰፊዋ ባል ነኝ። ሰሞኑን መቀሱ ከቀኝ እጇ እየወደቀ፣ ቃልም ከአፏ እየጠፋ ስላስቸገራት፣ ሐኪሟ ስቴንቱ ውስጡ ጠቦ እንደሆነ በሲቲ ስካን እንዲታይ ወደ እናንተ ላካት። ደም ሥሩን በምስሉ የሚያሳየውን ቀለም በክንዷ ተወጋች፤ ትንፋሽሽን ያዢ ተባለች፣ ያዘች። እኔ ይኸው እስካሁን አልለቀቅሁም።

ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ «ስቴንቱ በቦታው አለ፤ በብረቱ ነጸብራቅ ምክንያት ውስጡ አይታይም» ብላችሁ ስለጻፋችሁልን። መኖሩንማ እናውቅ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

፪ኛ፦ ሐኪሟ፣ የተነሣው ምስል ለብረት በሚስማማ መንገድ እንደገና ቢቀነባበር ውስጡ ሊለይ እንደሚችል፣ ምስሉ የሚሠራበት ጥሬው መረጃ ግን ከማሽኑ ቶሎ እንደሚሰረዝ ነግሮን እየሮጥን ስንመጣ፣ በመስኮቱ በኩል «አባቴ፣ ማሽኑ ያየውን አይቷል» ተብለን በክብር ስለተሸኘን። ኩላሊቷ ሌላ ቀለም ስለማይችል ምርመራው ሊደገም እንደማይችል ብንናገርም ለማሽኑ ያላችሁ እምነት አለመናወጡ አስደንቆናል።

፫ኛ፦ ስለ ስልኩ። «የባለቤትዎ ተዘግቷል» አለኝ ከክፍላችሁ የደወለ አንድ ትሑት ድምፅ፤ ስልኩም ተዘጋ። ደም ሥሯ መስሎኝ የሱቋ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስሁ፤ እሷ «ተነሥ እንጂ፣ ደንበኛ ልታባርርብኝ ነው?» እያለች ትቆጣኛለች። ወንድሟ ሮጦ ሲጠይቅ ለካ የተዘጋው ፋይሏ ኖሯል! ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ደም ሥሯ ክፍት ለመሆኑ ያለኝ ማስረጃ የፋይሏ መዘጋት ብቻ መሆኑ ገባኝ።

ክቡርነትዎ፣ ፈርቻለሁ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ እኔም አደባባይ ወጥቼ እለምናለሁ፤ መረጃው ሳይሰረዝ አንድ ሰው እንደገና ይየው።

ጠቧል ቢባልም እጅ ለመንሣት የተዘጋጀ፣
የልብስ ሰፊዋ ባል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን የምጨምረው ከእናንተው ድንገተኛ ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ነው፤ እዚህም የምስሉን ውጤት አምጡ እየተባልን ነው። ፊደል የምታርምልኝ እሷ ስለሆነች ደብዳቤውን ሰጥቻት አነበበችው። ጥሩ ነው ልትለኝ አፏን ከፍታ «መርፌ» አለች። ደግማ ሞከረች፤ «መርፌ»። ከዚያ ደንግጣ እጄን ያዘች። እሷስ ታማ ነው ቃል ያጣችው፤ እናንተን ምን ነካችሁ?