አስራ ስምንት የተቆጠረላት ፓምፕ

እናትም እህትም ለሆንሽኝ እታለም፦

እንዴት ከርመሻል? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትዪ ይይዝሻል? ትንሹ ጥርስ አወጣ? የባለቤትሽ ሳልስ ለቀቀው? እኔ ጣቶቼ ከመላላጣቸው በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም የሥራ ነውና አትዘኚልኝ። ናፍቆቴን ብጽፈው ወረቀቱ ስለሚያልቅ ለራሴ ትቼዋለሁ።

ደብዳቤዬ ሲዘገይ ተቀይመሽኝ ይሆናል። የምጽፈው አጥቼ ሳይሆን ነገሩ ሳይለይለት መጻፍ ፈርቼ ነው። አጎታችን ሊወስደኝ የመጣ ዕለት የተነጋገራችሁትን ከበሩ ኋላ ሆኜ ሰምቻለሁ። እሱ «ለዩኒቨርሲቲው የታዘዙትን ሦስት ፓምፖች እስክናስረክብ ልያት፤ ከሆነች ትቀራለች፣ ካልሆነች ሳልደብቅ እጽፍልሻለሁ» አለሽ። አንቺም «አፏ ባይናገር እጇ ይናገራል» አልሽው። ያቺን ቃልሽን ስንቅ አድርጌ ነው የመጣሁት።

መጀመሪያ ሥራውን ልንገርሽ። አጎታችን መስታወት ነፊ ነው ሲባል ሰው የውሃ ብርጭቆ የሚሠራ ይመስለዋል። እኛ የምንሠራው በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ውስጥ ጋዝ የሚያዞር ፓምፕ ነው። ክንድ የሚያክል የመስታወት ቱቦ አስቢ። ውስጡ ፒስተን አለ፤ ፒስተኑ ብረት ሆኖ ዙሪያውን በመስታወት ታሽጓል። ከቱቦው ውጭ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። ሽቦው ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ብረቱን ወደ ላይ ይስበዋል፣ ሲቋረጥበት ይለቀዋል። እንዲህ ሽቅብና ቁልቁል ሲል ጋዙን እየገፋ በተዘጋ የመስታወት መንገድ ያዞረዋል። በመንገዱ መካከል አንድ ልዩ ዱቄት ይቀመጣል፤ ጋዙ የሚለወጠው በእሱ ላይ ደጋግሞ ሲያልፍ ነው። ዋናው ሕግ ታዲያ ውስጡን ቅባት እንዳይነካው ነው። ጥቂት እንኳ ከገባ ዱቄቱ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ለዚህ ነው የውስጥ ዕቃ ከመያዛችን በፊት በሳሙና፣ ቀጥሎም በአልኮል የምንታጠበው።

የእኔ ድርሻ ፒስተኑን ከቱቦው ጋር ማስማማት ነው። የላመ የመሞረጃ ዱቄት በውሃ ለውሼ ፒስተኑን በቱቦው ውስጥ እያሽከረከርኩ ስፈገፍግ እውላለሁ። ከዚያ አጥቤና አድርቄ የቱቦውን ታች በጎማ እደፍንና ፒስተኑን ከላይ እለቀዋለሁ። የታፈነው አየር በጎንና ጎኑ በቀጭኑ ስለሚሾልክ ፒስተኑ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ታች እስኪደርስ እቆጥራለሁ። ከአስር በታች ከሆነ ክፍተቱ ሰፍቷል፣ ይጣላል። አስራ አንድ ወይ አስራ ሁለት ከሆነ አጎታችን ራሱን ይነቀንቃል። ከእሱ ከዚህ የበለጠ ምርቃት አትጠብቂ።

ሦስተኛዋን ፓምፕ ያስማማሁት ብቻዬን ነበር። የቆጠርኩላት ቀን ሽቦ ጠምጣሚው አጠገቤ ተቀምጧል። ይህ ሰው ስለማላወራ «ሬዲዮ» ብሎ ስም አውጥቶልኛል። «እሺ ሬዲዮ፣ የዛሬ ዜና ምንድነው?» ሲለኝ ሁሉም ዞረው አዩኝ፤ እኔም እንደ ልማዴ አቀረቀርኩ። ፒስተኑን ለቀቅኩት። አስራ ስምንት ቆጠርኩ። አላመንኩም፣ ደገምኩት፣ ያው አስራ ስምንት። አጎታችን መጥቶ ራሱ ቆጠረና «በሠላሳ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ አላየሁም» አለ። ጠምጣሚው «እንግዲያ ጡረታህን ጠይቃ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለው። ሁለት ቀን ሙሉ እግሬ መሬት የረገጠ አልመሰለኝም።

በርክክቡ ቀን ጠዋት ፀጉሬን ቅባት ተቀብቼ ስጨርስ እጄ ሳላዘው ፀጉሬን ወደ ጆሮዬ ኋላ ሸጎጠው። ሰው ሲያየኝ እንደዚህ እንደማደርግ ታውቂያለሽ፤ አንቺም ስንቴ ተቆጥተሽኛል። ያኔ ነገሩ ትዝ አለኝ። ጠምጣሚው «ሬዲዮ» ሲለኝም ይህንኑ አድርጌ ነበር፤ ያውም ከታጠብኩ በኋላ። በዚያው እጄ ነው ፒስተኑን ያነሳሁት። ለካ ክፍተቱን የደፈነው የፀጉሬ ቅባት ነው። አስራ ስምንቱ የእኔ ሙያ አልነበረም።

ለአጎታችን ብቻውን ልነግረው እየሮጥኩ ብሄድ የዩኒቨርሲቲዋ መምህርት ከሁለት ተማሪዎቿ ጋር ቀድማኝ ደርሳለች። አጎታችን ስለ አስራ ስምንቷ እያወራላት ነበር። እሷም «ይህቺ ለከባዱ ሙከራ ትሁን፤ ዱቄቱን ለማዘጋጀት ዓመት ፈጅቶብናል» አለች።

እታለም፣ አንቺን አልዋሽሽም። ዝም ብል ማንም አያውቅም ብዬ አሰብኩ። ዱቄቱ ቢበላሽ ዱቄቱን ነው የሚወቅሱት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ዝም ማለት ደግሞ ከሁሉ የተካንኩበት ሙያዬ ነው። ብናገር በዚያው ሳምንት ወደ አንቺ እንደምመለስ አልተጠራጠርኩም። ከተማሪዎቹ አንዱ የፓምፖቹን ሣጥን ክዳን ሲያነሳ ግን ያ አንድ ዓመት ታየኝ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ «ሦስተኛዋን አትውሰዷት» አልኩ።

ሁሉም ዞር ዞር አሉ። ድምፄን ሰምተውት ስለማያውቁ ማን እንደተናገረ ሲፈልጉ ነበር መሰለኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ፀጉሬን ሳይቀር። መምህርቷ ፒስተኑን አወጣችና አልኮል በነካ ጥጥ ጠረገችው። ጥጡ ቢጫ ሆነ። አጎታችን ጥጡን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ወጥቶ ሄደ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከሰዓት በኋላ ልብሴን ሳጣጥፍ መጣና «ወዴት ነው?» አለኝ። «ወደ እታለም» አልኩት። «እታለም ፓምፕ አታስማማም» ብሎ ያችኑ ፒስተን ከነቱቦዋ እጄ ላይ አስቀመጠ። አጥቤ፣ በእቶን አድርቄ ስቆጥር ዘጠኝ ሆነች። እውነተኛ ልኳ ይህ ነበር፤ አብዝቼ ፈግፍጌያታለሁ። አዲስ ፒስተን አሸገልኝና ከሀ ጀመርኩ። ፀጉሬን ሹሩባ ተሠርቼ በሻሽ አሰርኩት፣ ቅባቱንም ለእሑድ ብቻ አደረግኩት። በስድስተኛው ቀን፣ በንጹሕ እጅ፣ ደርቃ፣ አስራ ሦስት ቆጠርኩ። አስራ ሦስቱ የእኔ ናቸው።

ፓምፗ ወደ ዩኒቨርሲቲው ከሄደች ይኸው አስራ አንድ ቀኗ ነው። ትናንት ከተማሪዎቹ አንዱ መጥቶ አንድ ጊዜም እንዳልቆመች፣ ዱቄቱም ደህና እንደሆነ ነገረን። አጎታችን ሰምቶ ለሁሉም «ከዛሬ ጀምሮ እሷ ሳትቆጥር ከዚህ ቤት የሚወጣ ፓምፕ የለም» አለ። ጠምጣሚው «በሬዲዮ ተነገረ ማለት ነው» አለ፤ እኔም ሳቅኩ፣ ጮክ ብዬ። ፀጉሬንም አልነካሁም።

ከዚያ አጎታችንን «ለእታለም የምትጽፍላትን መቼ ትጽፋለህ?» ብዬ ጠየቅኩት። «እኔ ምን አገባኝ፣ አንቺው ጻፊላት» አለኝ። ስለዚህ ሳልደብቅ ጻፍኩልሽ፤ እኔ የምቀር ነኝ። ምርቃትሽን ብቻ ላኪልኝ።

ለባለቤትሽ አክባሪ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለትልቋ ልጅሽ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ ንገሪልኝ፤ ያለ ፋታ የሚያወራውን መካከለኛውን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ትንሹን አንገቱ ሥር። «ይህች ልጅ አፍ የላትም» ለሚሉት ለጎረቤታችን ለእማማም እጅ ነሥቻለሁ በያቸው፤ ይህን ደብዳቤ ግን ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላቸው።

ታናሽሽ
ከአጎታችን መሥሪያ ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛዬ
የካቲት ፱ ቀን