ጊዜያዊ ኮሚቴው

ጥቅምት 8፣ ማታ
ዛሬም ማስታወሻዬ፣ አብዮቱን አስተማርኩ። ንጉሡ ወረዱ። ወታደሮቹ «ጊዜያዊ ነን» አሉ፤ «ያለምንም ደም» አሉ። ከዚያ ሶሻሊዝም፣ ከዚያ እስር፣ ከዚያ ቀይ ሽብር። ሰሌዳው ላይ ቀስት በቀስት። ተማሪዬ ሀያት እጇን አወጣች፤ ጊዜያዊ ከነበሩ ለምን አልወረዱም? ደወሉ አዳነኝ።

ጥቅምት 10
የእድር ስብሰባ። ወልቂጤ ስመደብ ዘመድ አልነበረኝም። እናቴ እዚህ ስትሞት የቀበረልኝ ይሄ እድር ነው፤ ሊቀመንበሩ ጋሽ ዘርጋ ነበሩ። ዓምና አወረድናቸው። እውነት ለመናገር ንጉሥ ሆነውብን ነበር፤ ደንቡም እሳቸው፣ የዕቃ ቤቱ ቁልፍም እሳቸው ጋ። «ጊዜያዊ ኮሚቴ» የሚለውን ስም ያወጣሁት እኔ! ተክሌ ሊቀመንበር፣ እኔ ጸሐፊ። ምርጫ እስካሁን የለም። ጋሽ ዘርጋ ዛሬ ተነስተው ምርጫው መቼ ነው ብለው ጠየቁ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም አሉ። ሰው ሳቀ። ተክሌ አልሳቀም። አድመኛ ናቸው፣ ከእድሩ ይሰረዙ አለ። እጅ ወጣ። የኔም። ቀስ ብሎ፣ ግን ወጣ።

ጥቅምት 15፣ ጠዋት
የጋሽ ዘርጋ ባለቤት እትዬ አስካለ አረፉ። ጥሩንባ አልተነፋም፤ የሰማሁት ከባጃጅ ሹፌር ነው። ለተክሌ ደወልኩ። የተሰረዘ ሰው ድንኳን አያገኝም፣ የሄደም ይቀጣል አለኝ። እሺ አልኩ። እሺ! የእናቴ ሐዘን እስኪያልቅ ከአጠገቤ ያልተነሱ ሴት። አፈርኩ።

ያው ቀን፣ ከሰዓት
የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ለካ አሁን እኔ ጋ ነው። ድንኳኑን በጋሪ አስጭኜ ሄድኩ። ጎረቤቱ በየአጥሩ ቆሞ ያያል፣ አይገባም። ጋሽ ዘርጋ በር ላይ አስቆሙኝ።
«ኮሚቴው ፈቅዷል? ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ያለ ፈቃድ አልቀበልም።»
ፈቅዷል አልኩ። በሐዘን ቤት ዋሸሁ። ሁለት እጄን ይዘው መረቁኝ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ካስማ ስንመታ ሰው አንድ በአንድ ገባ፤ ተፈቅዷል እየተባባለ። ለካ ሁሉም እንደኔ ፈቃድ ነበር የሚጠብቀው።

ጥቅምት 16
ሀያት ጥያቄዋን ደገመች። እንደኔ ያለው ሰው እጁን ስላወጣላቸው ነው አልኳት። ተክሌ ድንኳኑ ውስጥ መጥቶ ተቀምጧል አሉ፣ ራሱ የፈቀደ መስሎ። አሁን እሄዳለሁ። ጋሽ ዘርጋ ምርቃታቸውን መልሰው ይውሰዱት። መሀል ላይ ቆሜ እናገራለሁ፦ ማንም አልፈቀደም።